ሳይቀመጡ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ ለጤነኛ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። መንገዱ ቢዘጋጋበት እንኳ ይመሽበታል እንጂ አያድርም። እኔና ልጄ ሌሊሴ ግን ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አራት ቀን ፈጀብን። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ልጄ መቀመጥ አይፈቀድላትም ነበር።

ይህን የምጽፈው ለመንደሬ ሴቶች ነው። ብዙዎቻችሁ ከሰበታ ገበያ ማዶ አልፋችሁ አታውቁም። የቡራዩንና የሱሉልታን ስም ትሰማላችሁ እንጂ አገሩን አላያችሁትም። እኔም አላየሁትም ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደሉን ያረመችልኝ ሌሊሴ ናት። ሕመሟን በስሙ ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ብጠይቃት «ጻፊው እማዬ፤ የጎዳን አለመጥራትሽ ነው» አለችኝ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። የፊንጢጣ ካንሰር ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሞች የታመመውን የአንጀቷን ጫፍ ከነፊንጢጣዋ አወጡት። ከዚያ ወዲህ የምትጸዳዳው በሆዷ በግራ በኩል በሚለጠፍ ከረጢት ነው። ጨረርም ወስዳለች። ካንሰሩ ጠፍቷል ተባለና ተመስገን አልን። የታችኛው ቁስል ግን እንደሚገባው አልገጠመም። እየቆየም ቆማ ስትውል አንጀቷ ወደ ታች የሚወርድ እየመሰላት መሥራትም ልጇን ማቀፍም አቃታት።

ዶክተሩ ነገሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉ፦ «ሁላችንም የሆድ ዕቃችንን ከታች ደግፎ የሚይዝ ሥጋ አለን፤ የዳሌ ወለል እንለዋለን። የእሷ ወለል ከካንሰሩ ጋር አብሮ ወጥቷል። አሁን ከጭኗ ውስጠኛ ጎን ሥጋ ከነቆዳውና ከነደም ሥሩ አዙረን አዲስ ወለል እንሠራላታለን።» እኔ ስፌት ሰፊ ነኝ። የእንቅብ ቂጥ ከለቀቀ ከላይ ጨርቅ ቢያነጥፉበት እህል አይዝም፤ ቂጡን ፈትቶ ከጎኑ እያያያዙ እንደገና መስፋት ነው። ስለዚህ የሚሉት ገባኝ።

ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ በትልቅ ሆስፒታል ተሠራ። ከዚያ እኔ ቤት አምጥቼ አምስት ሳምንት አስታመምኳት። የተሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበር። በጎኗ ትተኛ፣ ትቁም፣ ቀስ ብላ ትራመድ። መቀመጥ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ የለም። ከተቀመጠች አዲሱን ሥጋ ደም ያጥረዋል፣ ስፌቱም ሊለቅ ይችላል። ከለቀቀ እንደገና ኦፕራሲዮን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

በአምስተኛው ሳምንት መታየት ነበረባት። ዶክተሩ በሳምንት ሁለት ቀን ቡራዩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ይሠራሉ፤ ረቡዕና ዓርብ። ከሆስፒታሉ ሰልፍ እዚያ ይሻላችኋል አሉን። ከተፈቀደላት ከቡራዩ በቀጥታ ሱሉልታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እዚያ ባሏ ታደሰና የአራት ዓመት ልጃቸው ሲፈን ይጠብቋታል። ሲፈን ከእናቷ ጭን ሥጋ መወሰዱን ሰምታለችና በስልክ ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «እማዬ፣ ጭንሽ ዳነ? ልቀመጥበት?»

ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር ሠራሁ። እንስራ እንዳይንከባለል ከሥሩ የምናደርግለትን ክብ ማቶት ታውቁታላችሁ። እሱን አስፍቼ ለሰው መቀመጫ የሚሆን ሠራሁ። ስንደዶውን ጠቅልዬ በአክርማ አሰርኩ፣ እንዳይቆረቁራት በአሮጌ ጋቢ ጠመጠምኩት። ሰው ሲቀመጥበት ጠርዙ ዳሌውን ይይዛል፤ መሃሉ ባዶ ስለሆነ ቁስሏን የሚነካ ነገር የለም ብዬ አሰብኩ። ድንገት ቢቸግረን ብዬ ከሻንጣው ሥር አስገባሁት። ለሐኪም አላሳየሁም። በእጄ ሥራ ኮርቼ ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ባጃጅ ውስጥ መተኛትም መቆምም ስለማይቻል እስከ አስፋልቱ በእግር ሄድን። እኛ በሩብ ሰዓት የምንጨርሰውን መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀንበት። ሌሊሴ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ፣ አንዱን ከረጢቷ ላይ አድርጋ ትራመዳለች። እኔ ከፊቷ ድንጋይ በእግሬ እየገፋሁ እሄዳለሁ።

ዓለም ገና ላይ ከሰበታ የመጣ ሚኒባስ አገኘንና የኋላውን ወንበር በሙሉ ያዝኩት። ሌሊሴ ጉልበቷን አጥፋ በቀኝ ጎኗ ተኛች፤ ከረጢቱ በግራ ስለሆነ በቀኝ ነው የምትተኛው። ጭንቅላቷ እኔ ላይ ነው። ገና ሳንንቀሳቀስ ከፊታችን የተቀመጠ ወፍራም ሰው ዞር አለ።

«እናት፣ ልጅቷን ቀና አድርጊያት እንጂ። ሁለት ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እኮ ነው።»

«ታማ ነው፤ የቦታውን ከፍያለሁ» አልኩት።

«ምን ሆና?»

«ትርፍ አንጀት።»

«ትርፍ አንጀት? ትርፍ አንጀት የተቀደደ ሰው እኮ በሦስተኛው ቀን ይሮጣል!»

አጠገቡ የነበረች ሽንኩርት የያዘች ሴት «አንተ ደግሞ መቼ ነው ሐኪም የሆንከው?» አለችው። «ሆድህን ሰብሰብ ብታደርገው ሁለት ሰው ይቀመጥ ነበር።» ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀና ወደ ፊቱ ዞረ። ሌሊሴ ግን ከጉልበቴ ላይ ሆና ቀና ብላ አየችኝ። ትርፍ አንጀት ያልኩት ያን ቀን ብቻ አይደለም። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለማኅበር ሁሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። የዚያን በሽታ ስም እንኳን ለሰው ለራሴም ጮክ ብዬ አልጠራውም ነበር። የያዘበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ ከአፌ አይወጣም።

አየር ጤና ላይ መኪና ቀየርን። ጦር ኃይሎች ደግሞ ሰልፉ የቤተ ክርስቲያን ንግሥ ይመስል ነበር። ተራ አስከባሪው ሌሊሴ ፊቷ ነጭ ሆኖ በግድግዳ ተደግፋ ቢያያት ምንም ሳይጠይቀን ከፊት አስገባን። የሚያጉረመርሙትን «እናት የላችሁም?» ብሎ ዝም አሰኛቸው። እኛ አገር ሰው ሲረዳህ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ ነው። እዚያ ሳይተዋወቁም ይረዳዳሉ፤ ይህን ያየሁት ያን ቀን ነው። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። በአስኮ አልፈን ቡራዩ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ቡራዩ ከእኛ ይቀዘቅዛል። እኛ ዘንድ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ዓይን እስከሚደክም ጤፍና ሽምብራ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ቤት በቤት ላይ ተደራርቧል፤ የአንዱ በር ከሌላው ጣሪያ ጋር እኩል ነው። አፈሩ ቀይ ነው። በሰበታ አየሩ የፋብሪካ ሽታ አለው፤ በቡራዩ የባሕር ዛፍና የናፍጣ ሽታ ነው።

ያረፍነው አስካለ ቤት ነው። አስካለ የክርስትና እናቴ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው ሰበታ ነግደው ነበር፤ እሷ ባል አግብታ ቡራዩ ገባች፤ አሁን ባሏ ሞቶ ከቤቷ ፊት ለፊት ሱቅ ይዛ ትኖራለች። እህቴ ማለት ናት። ለእሷም በስልክ የነገርኳት ትርፍ አንጀት ነው ብዬ ነው።

ገና ስንገባ ምግቡ ቀርቦ፣ ሁለት ጎረቤቶችም እንግዳ ለመቀበል መጥተው ተቀምጠው ነበር። ሌሊሴ ሰላምታ ሰጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ቁጭ በዪ እንጂ ሌሊሴ! ምን ትገተሪያለሽ?» አለች አስካለ።

«ደህና ነኝ እትዬ አስካለ። ብቆም ይሻለኛል።»

«ብቆም? እንደ መብራት ቆጣሪ አንባቢ በር ላይ ቆመሽ ልትበዪ? በቤቴ ቆሞ የሚበላ እንግዳ የለም! የወንድሜ ልጅ በትርፍ አንጀት ተቀዶ በሳምንቱ ሰርግ ላይ ጨፍሯል።» ክንዷን ይዛ ወደ ወንበሩ ሳበቻት።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሁለቱን ጎረቤቶች አየኋቸው። እጄ ወደ ሻንጣው ሄደ። ማቶቱን አወጣሁና ወንበሩ ላይ አደረግኩት።

«እማዬ?» አለችኝ ሌሊሴ።

«ምንም አይነካሽም። መሃሉ ባዶ ነው።»

ተቀመጠች። አስካለ «ምን ያለች ባለሙያ ናት!» ብላ ማቶቱን አደነቀች። ምስሩ ቀረበ፣ ጎመኑ ቀረበ፣ ለበሽተኛዋ እንቁላል ተጠበሰ። አስካለ ታጎርሳለች፣ ጎረቤቶቹ ያጎርሳሉ፤ ልነሳ ስትል «አንዴ ብቻ» ይሏታል። መሃል ላይ ከረጢቷ ድምፅ አሰማ፤ ሌሊሴ ደንግጣ «ጨጓራዬ ነው» አለች፤ አስካለም «ጨጓራሽ ምስሩን ወደደው ማለት ነው» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄን ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደ ሰው ተቀምጣ ስትበላ አየኋት። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች።

ረቡዕ

ጠዋት ልብሷን ስቀይር ፋሻው ርሶ አገኘሁት። ደም የቀላቀለ ውሃ ነበር።  ለአስካለ ቀጠሯችን ማልዶ ነው ብያት ወጣን።

ክሊኒኳ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች ሦስት ክፍል ናት። ሲስተሯ ሌሊሴን በጎኗ አስተኝታ ፋሻውን ፈታችና ዶክተሩን ልትጠራ ወጣች። እኔም አየሁት። በስፌቱ አንድ ጥግ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ተከፍቷል።

ዶክተሩ ገቡ። ጓንት አጥልቀው አዲሱን ሥጋ በጣታቸው ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ አደረጉ፤ ቀለሙ ሲመለስ ያያሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እናቴ፣ ተቀምጣ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ልጅ ሆኜ አስተማሪ ሲጠይቀኝ እንዲሁ ነበርኩ።

«መኪና ውስጥስ? ምግብ ስትበላ?»

«ተኝታ ነው የመጣችው። ጭኔ ላይ ተኝታ።»

ሌሊሴ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር። ዶክተሩ ለሲስተሯ እንዲህ አሏት፦ «ሳትቀመጥ ከተከፈተ ምክንያቱ ከውስጥ ሊሆን ይችላል። ሥጋውን ደም እያጠረው ከሆነ መጠበቅ አያዋጣም። ዛሬውኑ ሆስፒታል እንመልሳት፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቼ ልየው።» ስልካቸውን አወጡ።

ሌሊሴ አሁንም አልዞረችም።  እኔን ላለማሳፈር ብላ እንደገና ልትቀደድ ነው። 

«ተቀምጣለች» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት። ዋሽቼዎታለሁ።»

ዶክተሩ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። «መቼ? በምን ላይ?»

ማቶቱን ከያዝኩት ፌስታል አወጣሁ። ይዤው የመጣሁት ምን ልሁን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ልናገር ፈልጌ ይሆናል። ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ሲስተሯ «ማቶት ነው ዶክተር፣ የእንስራ» አለቻቸው።

አልተቆጡኝም። ማቶቱን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡ፣ ከላዩ ላይ ፎጣ ዘረጉ፣ በሁለት እጃቸው ግራና ቀኙን ተጫኑ። ፎጣው መሃል ላይ ተወጠረና ወደ ባዶው ሰመጠ። «ያዩታል? ጠርዙ ሁለቱን ጎን ወዲያና ወዲህ ይስባል። መሃሉ ድጋፍ የለውም፣ ሥጋው ይንጠለጠላል፣ ደሙም እዚያው ይቆማል። ከዝርግ ወንበር ይልቅ ይኸኛው ይጎዳል። ብዙ ሰው ይሳሳተዋል፤ ከተማም ውስጥ በፕላስቲክ የተሠራ ክብ ገዝተው ይመጡብኛል።»

ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ጨርቅ ሲወጠር አይቻለሁ። ለልጄ ሥጋ ሲሆን ግን አልታየኝም።

እንደገና መረመሯት። ከፋፍተው አዩ፣ በቀጭን ነገር ጥልቀቱን ለኩ፣ ቀለሙን አዩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ሥጋው ደህና ነው» አሉ። «የተከፈተው ቆዳው ነው። ስቦት ነው እንጂ ከውስጥ አልተበላሸም። በየቀኑ ታጥቦ ይታሸግ። ዓርብ አየዋለሁ። ካልሰፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ከሰፋ ግን ሆስፒታል ነው። መቀመጡን ደግሞ ሦስት ሳምንት እንጨምራለን።»

ስንወጣ በሩ ላይ አቁመው «እናቴ፣ እውነቱን ባይነግሩኝ ኖሮ ዛሬ ያለ ምክንያት ሆስፒታል አስተኝቻት ነበር» አሉኝ።

ሌሊሴ በመንገድ ላይ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሦስት ሳምንት። ለሲፈን ምን እላታለሁ?»

ያን ቀን ለአስካለ አልነገርኳትም። ደክሞናል ብለን ተኛን። ስለዚያ ቀን ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐሙስ

ሲስተሯ ያስተማረችኝን ጠዋት ብቻዬን ሠራሁት። እጅ በሳሙና መታጠብ፣ በጨው ውሃ ማጠብ፣ የረጠበውን ጎዝ ሳይጠቀጥቁ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ በደረቅ መሸፈን። ለካ እጄ ለዚህም ይሆናል። አሮጌውን ፋሻ በፌስታል ይዤ ስወጣ አስካለ ሱቋ በር ላይ ቆማለች።

«ይህ ሁሉ ፋሻ ለትርፍ አንጀት ነው ወርቄ?»

ነገርኳት። ስሙንም ቦታውንም። ሱቁ ውስጥ ቆሜ፣ ዘይትና ሳሙና መሃል።

መጀመሪያ ጮኸች። «ከእኔ ነው የደበቅሽው? እናቴ ክርስትና አንስታሽ፣ እኔን ባዳ አደረግሽኝ? ሰፈር እንዲሰማ ነው ማይክራፎን የምይዘው?» ቀጥሎ ድምጿ ወረደ። «በእጄ ጎትቼ አስቀመጥኳት እኮ። በዚህ እጄ።» አፏን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው አየንና ተመልሶ ሄደ።

አስካለ ስታዝን አትቀመጥም፤ ትሠራለች። ከሱቁ ባንኮኒ ላይ ከረሜላውን፣ ሚዛኑን፣ ብስኩቱን ሁሉ አነሳች። ወለወለችው። ለምሳ ትሪውን እዚያ ላይ አቀረበችና በሩን ገርበብ አድርጋ «ኑ» አለችን። ሦስታችንም ባንኮኒውን ከበን ቆመን በላን። ሽሮና የተቀቀለ እንቁላል ነበር።

«ሥጋ ቤት መሰለ» አለች ሌሊሴ። ከማክሰኞ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ሥጋ ቤትማ ወንዶቹ ቆመው ሲበሉ ክብር ነው፤ እኛስ ምን ጎደለን?» አለች አስካለ።

ከማክሰኞዎቹ ጎረቤቶች አንዷ ገብታ «ምነው፣ ቆማችሁ?» ብትል «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት መቀመጥ ክልክል ነው» አለቻት። ሌሊሴ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ራሷ ለሴትየዋ ነገረቻት፤ ካንሰሩን፣ ከረጢቱን፣ አዲሱን ወለል። እኔ ባንኮኒውን አጥብቄ ይዤ ነበር። ሴትየዋ ግን አላማተበችም፣ ከንፈሯንም አልመጠጠችም። ጠጋ ብላ በዝቅተኛ ድምፅ «ከረጢቱን ከየት ነው የምታገኚው?» አለች። ወንድሟ ለካ እንዲሁ ነው። ዓመት ሙሉ በላስቲክና በጨርቅ እያሰረ፣ ከቤት ሳይወጣ ኖሯል። በቤቱ ከእናቱና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌሊሴ ሁለት ከረጢት ሰጠቻትና የክሊኒኳን ቦታ አሳየቻት። ስለ ቡራዩ ለሚጠይቀኝ ሰው እኔ የማስታውሰው ያቺ ሴት ሁለቱን ከረጢቶች በብብቷ ደብቃ ስትሮጥ ነው።

ዓርብ

ጠዋት ክሊኒክ ስንሄድ ፋሻው እምብዛም አልረጠበም ነበር፤ ግን እንዳልሳሳት ፈርቼ ለሌሊሴ አልነገርኳትም። ዶክተሩ ለኩት። አልሰፋም። ጠርዙ ቀልቷል፣ ንጹሕ ነው። «ወደ ቤትሽ ሂጂ። ተኝተሽ» አሏት።

እንዴት ትሄዳለች የሚለውን አስካለ አስቀድማ ጨርሳዋለች። ኦቦ ዳዲ የሚባሉ የሱሉልታ ሰው ለቡራዩ ላም አርቢዎች በትንሽ አይሱዙ ድርቆሽ ያመጣሉ፤ ሲመለሱ ባዶ ናቸው። የስፖንጅ ፍራሿን አውጥታ፣ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፋ፣ የድርቆሹን ገለባ ራሷ ጠርጋ ጨርሳ ጠበቀችን። እኔ አቧራውን ፈራሁና ዶክተሩን ደግሜ ጠየቅኳቸው። «በፍራሽ ላይ በጎኗ ከሆነ ከሚኒባሱ ይሻላታል። ቀስ ብለው ይንዱ እንጂ» አሉ።

ኦቦ ዳዲ ሽማግሌ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አካም ቡልተን?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ አሉን።

«ነጋ፣ ኦቦ ዳዲ። ቀስ አድርገው ይወስዱልኛል? አደራ» አልኳቸው።

«አንቺ ሴት፣ እኔ እንቁላል ጭኜ ከሱሉልታ መርካቶ አንድ ሳይሰበር አድርሻለሁ። ልጅሽ ከእንቁላል ትብሳለች?»

«ትብሳለች» አልኩ። ሳቁ፤ ነገር ግን አነዳዳቸው እውነትም የእንቁላል ነበር።

አስካለ ስንለያይ ማቶቱን ከእጄ ወሰደችው። «ይህ ለጋኔ ይሆናል፤ ጋን አይታመምም» አለች።

እኔ ከኋላ ከሌሊሴ ጋር ነበርኩ፤ አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን እንደጀመርን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ወጣት ነው። ወደ ኋላ መጥቶ አየን።

«ሰው በዕቃ መጫኛ? አባት፣ መንጃ ፈቃድ!»

ኦቦ ዳዲ ከጋቢናው «ታማለች ጌታው፣ መቀመጥ አትችልም» አሉ።

«ምን ብትሆን ነው መቀመጥ የማትችለው?»

ሁሉም እኔን የሚያየኝ መሰለኝ። ማክሰኞ ያልኩት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። «የፊንጢጣ ካንሰር ነበረባት» አልኩት። «ወጥቶላታል። የዳሌዋ ወለል በአዲስ ሥጋ ተሠርቷል፤ ከተቀመጠች ይለቃል። ከትናንት ወዲያ ሊለቅብን ነበር፤ በእኔ ጥፋት።» ሳልጠየቅ ይህን ሁሉ ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ልጁ ፊቱ ቀላ። ሌሊሴ ከፍራሹ ላይ ሆና «ሰላም ነው» አለችው። እሱም «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብሎ መንጃ ፈቃዱን መለሰና «ዳር ይዘው፣ ቀስ ብለው» አላቸው። ዞር ስል ሌሊሴ እጄን ይዛለች።

ከእንጦጦ ጀርባ ሲወረድ ብርዱ ሌላ ነው። እኛ አገር ንፋስ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እዚያ ግን ይኖራል። ሱሉልታ ሜዳ ናት፣ እንደ እኛ። ነገር ግን የእኛ ሜዳ ይታረሳል፤ የእነሱ ሣር ነው፤ ሣሩ ታጭዶ በየቦታው ተከምሯል። የወተት ጣሳ የጫኑ ጋሪዎች ያልፋሉ። ይህን ሁሉ ያየሁት እኔ ነኝ። ሌሊሴ ተኝታ የምታየው ሰማይ ብቻ ነበር፤ «ንገሪኝ» ትለኛለች፣ እኔም ያየሁትን እነግራታለሁ። ምናልባት ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ታደሰ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲፈን ግን ሮጣ መኪናው ላይ ወጣች።

«ጭንሽ ዳነ?»

«ጭኔ ድኗል። መቀመጥ ነው የቀረኝ። ትንሽ ትጠብቂኛለሽ?»

ሲፈን ጫማዋን አወለቀችና ፍራሹ ላይ ከእናቷ አጠገብ በጎኗ ተኛች፤ ልክ እንደ እሷ ጉልበቷን አጥፋ። ኦቦ ዳዲ ሞተሩን አጥፍተው እስኪነሱ ጠበቁ። ባለቤታቸው ደግሞ ማታውኑ ትኩስ ወተት ላኩልን፤ ሳንተዋወቅ።

ከዚያ በኋላ

ሱሉልታ አራት ሳምንት ቆየሁ። በየቀኑ አጠብኩ፣ አሸግኩ። ጥፍር ያህሉ ምስር አከለ፣ ምስሩ ጤፍ አከለ፣ ከዚያ ተዘጋ። ዶክተሩ አይተው ፈቀዱ፦ ዝርግ በሆነ ስፖንጅ ላይ፣ አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ልጅ ማቀፉ ከወር በኋላ።

የመጀመሪያው ዕለት ምሳ ላይ ነበር። ታደሰ ወንበሩን አመቻቸ። ሌሊሴ ጠረጴዛውን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ፊቷን አየሁ፤ አልተቀየረም። ሲፈን በርጩማዋን ጎትታ ከእናቷ ጉልበት አጠገብ ቁጭ አለችና ጭንቅላቷን ብቻ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ለዚህ የከለከላት የለም። እኔ ስልኩን ይዤ ከአጠገባቸው ቆሜ ደቂቃ እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ምግቡ ቀርቦ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔ ከሰዓቱ ላይ አልተነሳም።

«እማዬ» አለች ሌሊሴ።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። ቁጭ በዪ እንጂ። በቤቴ ቆሞ የሚበላ እንግዳ የለም።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ስድስት ደቂቃ ይቀራት ነበር።